የፍልውሃው ቃለ ጉባኤ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ድንጋይ ጠራቢ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ይመር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

ዘምዘም እሳቸው ሲያስተምሩበት በኖሩት ትምህርት ቤት የምታስተምር ወጣት ናት። የትምህርት ቤቱ ግቢ ግማሹ ተቆርጦ ለሱቅ መሥሪያ ሲሰጥ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ «ይህ የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ» ብላ ነበር። ኃላፊው ፊቱን አጠቆረና «እኛን አታምኚንም ማለት ነው?» አላት። አፍራ ተመለሰች። ሰዉም «ነገረኛ» ይላት ጀመር። ወደ ጋሽ ይመር መጥታ «ጋሼ፣ የተወሰነውን አሳዩኝ ማለት ሰውን ሌባ ማለት ነው እንዴ?» ያለቻቸው ለዚህ ነው። እሳቸውም እንዲህ ነገሯት።

ይህ ድንጋይ ጠራቢ ያደገው ፍልውሃ ባለባት ትንሽ ከተማ ነው። ውሃው ከገደሉ ሥር እየተንተከተከ ይወጣና በድንጋይ በተሠራ ገንዳ ይጠራቀማል። ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። መጀመሪያ ሴቶቹ ይገባሉ፤ ወንዶቹ ከላይ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሴቶቹ ሳቅ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ሽማግሌ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ አረጀን እኮ!» ብሎ ሲጮህ፣ ከታች ደግሞ «ድሮስ መቼ ወጣት ነበርክ!» የሚል መልስ ይመጣለታል። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጋዴውም ለማኙም፣ እዚያ ልብሱን ካወለቀ በኋላ አንዱ ካንዱ አይለይም ነበር። እንደዚያ ያለ ቅዳሜ ዛሬ የት ይገኛል?

ድንጋይ ጠራቢው ከዚያ ዘመን ሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው አባቱን ነው። ቁመተ ረጅም፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር። መራመድ ያቃተው በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ፣ አባትየው ማንም ሳይጠራው ይነሳና በክንዱ አቅፎ ወደ ውሃው ያወርደዋል። ሌላው የሚሸሸውን ቁስለኛ እሱ ጀርባውን ያሽለታል። ልጅ ይህን እያየ አደገ። ወልዶ ከብዶም ለልጆቹ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። «የኔ አባት እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ይላቸዋል። ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

ዘመን አለፈ። አባት ሞተ፤ ልጅም ሸመገለ፤ መዶሻ ማንሳት አቃተው። ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ፍልውሃው በቆርቆሮ ታጠረ። ውስጡ አዳዲስ የመታጠቢያ ክፍሎች ተሠሩ፤ በር ተበጀለት፤ በሩም ተቆለፈ። የሚገባው የከፈለ ብቻ ሆነ። «ምነው?» ሲባል «ፍልውሃው ከጥንት ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ነው» ተባለ። ሰዉ አጉረመረመ። በየለቅሶ ቤቱ፣ በየገበያው አጉረመረመ። አንዱ «ሹሙ ለዘመዱ ሰጥቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» ይላል። ሁሉም ያወራል እንጂ ሄዶ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ድንጋይ ጠራቢው ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ገና ሕፃን ሳለ፣ ገንዳው ሊሠራ ሲል፣ ትልቅ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ምን እንደተባለ አያስታውስም፤ ጸሐፊው ጠረጴዛ ወጥቶለት ሲጽፍ ማየቱን ግን ያስታውሳል። «የተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው» ብሎ አሰበ። ምን እንደሚያገኝም በልቡ እርግጠኛ ነበር። አባቱ ከሰዉ መሐል ተነስቶ «ይህ ውሃ የሁሉ ነው» ሲል ይታየው ነበር። ካፖርቱን ለብሶ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደና የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲያሳዩት ጠየቀ።

ሹሙ ከሰማው በኋላ «ማን ልኮዎት ነው?» አለው።

«ማንም አልላከኝም። እዚያ ውሃ ታጥቤ ነው ያደግሁት።»

«ምን ሊያደርግልዎት ፈለጉት?»

«ላነበው።»

«እኛን አያምኑንም ማለት ነዋ!»

ሰውዬው ጥቂት አሰበ። «ጌታዬ፣ እርስዎን ገና ዛሬ ነው የማገኝዎት። ማመኑም አለማመኑም ከየት ይመጣል? እኔ የማውቃቸው አባቶቼን ነው። እነሱ ምን እንዳሉ ልስማ ነው ያልኩት።»

ማመልከቻ ይጻፉ ተባለ፤ ጻፈ። ነገ ይምጡ ተባለ፤ መጣ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሌላ ጊዜ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘችው ሴት የለችም ተባለ። አልተቆጣም፤ መምጣቱንም አልተወም። ጠዋት ይመጣና ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። በመጨረሻ ሹሙ በፊቱ ማለፍ ከበደው መሰለኝ፣ «ያሳዩትና ይሂድ» አለ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች «አባቴ፣ እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ይህን መደርደሪያ የጠየቀ ሰው የለም» አለችው። ፈልገው አገኙት። መነጽሩን አደረገና ማንበብ ጀመረ።

የድሮ ቃለ ጉባኤ አንብበሽ ታውቂያለሽ ልጄ? እንደ ዛሬው ውሳኔውን ብቻ አይጽፍም። «አቶ እገሌ ተነስተው እንዲህ አሉ፤ ወይዘሮ እገሊት መልሰው እንዲህ አሉ» እያለ ነው የሚሄደው። የሞቱት ሁሉ እዚያ አሉ። አንዱ ስለ ገንዳ ተጠይቆ ስለ በሬው ያወራል፤ አንዱ ይቀልዳል፤ ጸሐፊውም «ሳቅ ሆነ» ብሎ ያሰፍራል። ሰውዬው የልጅነቱን ሰዎች አንድ በአንድ እያገኘ ብቻውን ይስቅ ጀመር። ከዚያ የአባቱ ስም ላይ ደረሰ።

አባቱ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ገንዳው ይሠራ፤ ነገር ግን ይታጠር። በር ይኑረው። ቁስለኛና ለማኝ ከእኛ ከጤነኞቹ ጋር አንድ ውሃ ውስጥ አይግባ። ቁልፉን እኔ እይዛለሁ።»

መልሶ አነበበው። ያው ነው። ስሙም የአባቱ ስም ነው፤ የአያቱም ስም አብሮ አለ።

ከሥሩ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ቃል ተጽፏል። ልጇ እግሩን ቆስሎ ነበርና ወደ ስብሰባው መጥታለች። እንዲህ አለች፦ «እኔ ሸክላዬን የምተኩሰው ራሴ ለቅሜ ባመጣሁት እንጨት ነው። ስለዚህ ሸክላው የኔ ነው። ይህን ውሃ የሚያሞቀውን እንጨት ከእናንተ መሐል የለቀመ ማን ነው? የለቀመ ካለ ይነሳ፤ በሩንም እሱ ይዝጋው።» ጸሐፊው «ጸጥታ ሆነ» ይላል። ቀጥሎ ውሃው ያለ አጥር ለሁሉም እንዲሆን፣ በሽተኛም እንዲቀድም ተወስኗል። ከፈራሚዎቹ ሁሉ የመጨረሻው አባቱ ነበር።

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ሠራተኛዋ አየችውና ነገሩ ገባት። «አባቴ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእርስዎ ጉዳይ የሚያስፈልገው ውሳኔው ብቻ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ኮፒ ላድርግልዎት። ሌላውን ማን ያየዋል?»

በደግነት ነው ያለችው። ልጆቹን አሰበ፤ «አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» እያለ ያሳደጋቸውን ልጆች። ያችን አንዲት ገጽ ይዞ ቢወጣ በሩም ይከፈታል፣ የአባቱም ስም በክብሩ ይቀራል። ማን ያውቃል?

ከዚያ ቀና አለ። «ሙሉውን አድርጊልኝ ልጄ። ግማሹን ይዤ ከወጣሁማ እኔም አጠርኩት ማለት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቃለ ጉባኤው ይነበባል ተብሎ፣ ከቆርቆሮው በር ፊት ሰዉ ተሰበሰበ። ሹሙም መጣ፤ የሚሰደብ መስሎት ፊቱን አጨፍግጎ ከዳር ቆመ። ድንጋይ ጠራቢው ማንንም አልወቀሰም። ወረቀቱን ዘርግቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ። ሽማግሌዎቹ የሟቾቹን ንግግር ሲሰሙ «ኧረ እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» ይባባሉ ጀመር። ስለ በሬው ያወራው ሰውዬ ዘንድ ሲደርስ አንዲት አሮጊት ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ባሏ ነበር።

ከአባቱ ስም ሲደርስ ቆመ። «ይህ አባቴ ነው» አለ። ከዚያ በራሱ አፍ አነበበው፤ አንድ ቃል አላስቀረም። ሰዉ ሁሉ ወደ መሬት አቀረቀረ። የሸክላ ሠሪዋንም ቃል አነበበ፤ ውሳኔውንም አነበበ።

ወረቀቱን አጠፈና እንዲህ አለ፦ «አባቴ ደግ ሆኖ የተወለደ ይመስለኝ ነበር። ለካስ አንዲት ሴት ተናግራው ነው። ተናገረችው፤ ሰማት። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ሲሸከም ኖረ። ይህን ሳላውቅ ሞቼ ቢሆን ኖሮ አባቴን ሳላውቀው ነበር የምሞተው።»

ሹሙ ከቆመበት ተንቀሳቀሰ። ክርክር ይዞ ነበር የመጣው፤ የሚከራከረው ግን አጣ። የገዛ አባቱን በአደባባይ ያነበበን ሰው ምን ብሎ «ልትከሰኝ መጣህ» ይለዋል? «እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነኝ» አለ። «ውሃው የማዘጋጃ ቤቱ ነው ሲሉኝ ተቀበልኩ። ይህ ወረቀት እዚያው እኔ ከምሠራበት ቤት ነበር፤ እኔም እኮ አልጠየቅሁም።» ዘበኛውን ጠርቶ በሩን አስከፈተ። አዲስ የተሠሩት ክፍሎች ለሚከፍል እንግዳ ቀሩ፤ ትልቁ ገንዳ ግን ለሁሉም ሆነ።

ድሮው ተመለሰ ወይ ብትዪኝ፣ አልተመለሰም። የሚቀልዱት ሽማግሌዎች የሉም፤ ግራሩም ተቆርጧል፤ ብዙ ሰው ገላውን በቤቱ መታጠብ ለምዷል። ድንጋይ ጠራቢው በዚያ ጠዋት ሲወርድ ብዙዎቹን የሚያውቃቸውን ሰዎች በዓይኑ ፈልጎ አጣቸው። ቢሆንም ውሃው ያው ውሃ ነበር። ያችም አሮጊት ጉልበቷን ያማት ነበርና እግሯን ነከረችው፤ እንደ ኮረዳ ጮኸች፤ ሁሉም ሳቁ።

ጋሽ ይመር ይህን ተናግረው ወደ ዘምዘም ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። የአንቺ ማዘጋጃ ቤት እንደዚያ ከተማ ነው፤ የተጻፈው ነገር ደግሞ እንደ ፍልውሃው የሁሉ ነው። ዛሬ በቁልፉ ላይ የተቀመጠው ሰው እንጨቱን አልለቀመም። ስለዚህ ‹ክፈትልኝ› ስትዪው ከቤቱ ምንም አልወሰድሽበትም፤ ሌባም አላልሽውም። በበሩ ላይ ቆመው የሚያሙት ናቸው ሌባ ያሉት። አንቺ ገብተሽ ጠየቅሽው፤ ከእነሱ ይልቅ አንቺ አከበርሽው።»

ዘምዘም አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር። «ኃላፊው ግን ይህን አይረዳልኝም ጋሼ» አለች።

«የሚረዳልሽ እንደ ድንጋይ ጠራቢው ከሆንሽ ነው። ሌላውን የሚነካውን ገጽ ብቻ ፈልጎ የሚሄድ ሰው እውነትም ከሳሽ ነው። አንቺ ሙሉውን ጠይቂ፤ የምትወጂውንም ሰው ቢነካ አታስቀሪው። ያኔ የጠየቅሽው ለጠብ አለመሆኑን ጠላትሽም ያያል።»

ጋሽ ይመር ቀጠሉ። «በዚያ ግቢ ጉዳይ ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል መሰለሽ፤ እኔም ነበርኩበት። ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውስም፤ ደግ ተናግሬ ይሆናል፣ ክፉም ተናግሬ ይሆናል። ነገ ሄደሽ አስወጪው። የኔ ስም ዘንድ ስትደርሺ ለሽማግሌ አዝነሽ እንዳታልፊው። ጮክ ብለሽ አንብቢው።»