የይመኙሻል ምርቃት

ከፎገራ ሜዳ ዳር ባለች አንዲት የገበያ ከተማ፣ ሽንኩርት ሻጮች እርስ በርስ የሚመካከሩባት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ስለ ሽንኩርት የተነገረች ትመስለዋለች። የሚያውቋት ሴቶች ግን ሲናገሯት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለአባባሏ መነሻ የሆነችው እናት እዚያው አጠገባቸው ተቀምጣ ትሸጣለችና።

ይመኙሻል ትባላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከገበያው ዋርካ ሥር ቀይ ሽንኩርት እየቸረቸረች አንዲት ልጇን የኔዓለምን ታሳድግ ነበር። ገበያተኛ የሚወድላት ምርቃቷን ነው። ሽንኩርቱን መዝና ዘንቢል ውስጥ ከገለበጠች በኋላ፣ «መርቂልኝ እንጂ!» እስክትባል ሳትጠብቅ ሁለት ሦስት ራስ ጣል ታደርጋለች። ከጎኗ ቲማቲም የሚሸጡት እማማ ዘርፌ ይህን እያዩ ይስቁ ነበር።

«አንቺስ ሚዛንሽ ቅን ነው። ያቺን ማዶ ያለችውን አላየሻትም? በጎደለ ድንጋይ ትመዝንና አንድ ራስ ትመርቃለች። ሰዉም አመስግኗት ይሄዳል!»

«ተዉ እማማ፣ ትሰማዎታለች።»

«ትስማ! ጆሮዋስ መች ጎደለ?»

የይመኙሻል ጭንቀት ሌላ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ የኔዓለም ዓይኗን አሟታል። ባሕር ዳር የወሰደቻት ጊዜ ሐኪሙ፣ የዓይኗ ግፊት ከፍ ማለቱን፣ በጊዜ ካልተሠራ ብርሃኗን ቀስ እያለ እንደሚበላው ነገሯት። ቀዶ ጥገናው በነፃ ነው፤ ዓይኗ ውስጥ የሚገባውን ዕቃ ግን ገዝቶ ማምጣት የቤተሰብ ድርሻ ነው። «ተራችሁ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እንደውላለን» ተባለች። እሷም የባሏን በሬ ሸጣ፣ ከሽንኩርቱም ቆጥባ የዕቃውን ዋጋ ሃያ ሺህ ብር ሞላች። ገንዘቡን እማማ ዘርፌ ሳጥን ውስጥ በአደራ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዋርካው ሥር ሲደርሱ ልጇን ትጠይቃለች።

«የኔ ዓለም፣ ያቺ ወፍ ትታይሻለች?»

«አዎ እማ፣ ጭራዋን እያወዛወዘች ነው።»

ያን ጊዜ የይመኙሻል ልብ ለአንድ ቀን ያርፋል።

በጥቅምት መጀመሪያ ከገበያው አጠገብ አዲስ ባንክ ተከፈተ። ድንኳን ተተከለ፤ ሞንታርቦው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። «አዲስ ደብተር ለሚከፍት አንድ ሺህ ብር እዚሁ በእጁ!» ይመኙሻል መጀመሪያ አልሰማችም። ኋላ ግን የባሕር ዳሩ ጉዞ ትዝ አላት። የዕቃው ዋጋ ሞልቷል፤ የመሳፈሪያውና የማደሪያው ግን ከየት ይመጣል? በረንዳ ላይ ልታድር ነው፣ ዓይኗን ከተሠራች ልጅ ጋር?

ድንኳኑ ውስጥ ደሳለው የሚባል ወጣት ሠራተኛ ወንበር አቀረበላት።

«ማዘር፣ ሃያ ሺህ ያስገባሉ፤ ስድስት ወር አይነኩትም፤ አንድ ሺህ ብሩን አሁኑኑ ይዘው ይሄዳሉ። በቃ።»

«በመሀሉ ብቸገርስ?»

«እሱማ አይወጣም፤ ውሉ ነው። ግን ስድስት ወር ምን አላት? ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ ታልቃለች!»

በጣቶቿ ቆጠረች። መጋቢት መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ፋሲካ ከዚያ በኋላ ነው። ተመልሳ ወደ እማማ ዘርፌ ሮጠች።

«እማማ፣ አደራዬን ይስጡኝ።»

«ልጅቷን ጠሯት እንዴ?»

«የለም፣ ባንክ ላስገባው ነው። አንድ ሺህ ይመርቃሉ።»

«ምን አድርገሽላቸው?»

«እንጃ፤ አዲስ ሰው ፈልገው ነዋ።»

እማማ ዘርፌ ሳጥናቸውን ከፈቱ። «የኔ ሳጥን ምርቃት የለውም፤ ግን በመጣሽ ሰዓት ይከፈታል። እንግዲህ ገንዘቡ ያንቺ ነው፤ ምን እላለሁ!» አሉና ቋጠሮውን ሰጧት።

ይመኙሻል ሃያ ሺህዋን አስገባች። የተሰጣትን አንድ ሺህ ብር ለመንገዷ ብላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። የዚያን ቀን ምሽት ልጇ የምታድርበትን አልጋ እያሰበች እንቅልፍ በደንብ ወሰዳት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሽንኩርት እየመዘነች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ከባሕር ዳር ሐኪም ቤት ነበር።

«የየኔዓለም እናት? ተራ የደረሰው ልጅ ታሞ ቀረ። ሐሙስ ካመጣሻት ትገባለች። ዕቃውን ግን ይዘሽ ነይ። ሐኪሙ በሳምንቱ ውጭ አገር ለትምህርት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው መቼ እንደሚመደብ አናውቅም።»

ሚዛኑን ጥላ ወደ ባንኩ ሮጠች። ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ተንከባለለ።

ደሳለው ገና ሲያያት ፈገግ አለ፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆረ። አለቃውን ጠራ፤ አለቃው ዋና መሥሪያ ቤት ደወለ። መልሱ አንድ ነበር፤ ውሉ ሳይሞላ አይወጣም።

«ልጄ፣ ትርፍ አልፈለግሁም! የሰጣችሁኝ ይኸው፣ አልነካሁትም!» መቀነቷን ፈታች፤ አንድ ሺህ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። «ምርቃታችሁን ውሰዱና የልጄን ዓይን ስጡኝ!»

«ማዘር... የኔ ቢሆን እሰጥዎት ነበር» አለ ደሳለው፤ ብሩን ሰብስቦ መልሶ እጇ ውስጥ አስቀመጠላት።

ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ዓለምነህ ሄደች።

«ልጄ፣ የዕድር ገንዘብ ለሞት ነው። ሞት ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ይወጣልሽ ነበር።»

«እንግዲያ ከሁለት አንዳችን እስክንሞት ልጠብቅ?»

አቶ ዓለምነህ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን ዘርግተው ገበያውን ዞሩ። ሴቶቹ ሁሉ ከጉያቸው አወጡ፤ ማዶ ያለችው የጎደለ ድንጋይ ባለቤት እንኳ ሰጠች። ተደምሮ የዕቃውን ዋጋ ግማሽ አልሞላም።

ሐሙስ ግን ይመኙሻል ልጇን አጥባ አልብሳ እንዲሁ ባሕር ዳር ሄደች። ምናልባት አይተው ያዝናሉ ብላ ነው። አዘኑ፤ ግን ዕቃ በሌለበት የሚሠራ ነገር የለም። አልጋው ዕቃ ይዞ ለመጣ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እናትና ልጅ ንጹሕ አንሶላ በተነጠፈበት ማደሪያ አደሩ፤ በማግሥቱም አውቶቡስ ላይ ወንበር ይዘው ተመለሱ። ሁሉም የተከፈለው ከዚያችው አንድ ሺህ ብር ነው።

ፋሲካ አለፈ። ገንዘቡ ከነወለዱ ወጣ፤ ደሳለው ዓይኗን ማየት ስላልቻለ ሲሰጣት ወረቀቱን እያየ ነበር። ዕቃው ተገዛ። አዲስ የተመደቡት ሐኪም በየኔዓለም ዓይኖች ላይ መብራት አበሩ፤ ብዙ ቆዩና አጠፉት። «ቀደም ብላ ብትመጣ...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ዕቃውን በፌስታል እንዳለ ይዛው ተመለሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ዋርካው ሥር ሲደርሱ፣ የለመደ አፏ ሳታስበው ጠየቀ።

«የኔ ዓለም፣ ወፏ ትታይሻለች?»

«አዎ እማ» አለች ልጅቱ ቶሎ ብላ፤ «ጭራዋን እያወዛወዘች ነው።»

ዋርካው ላይ ወፍ አልነበረም። ይመኙሻል ቀና ብላ ባዶውን ቅርንጫፍ አየች፤ ልጇ እንዲህ ስትላት ስንት ጠዋት እንዳለፈ ማወቂያ አጣች።

ከዚያ ወዲህ ይመኙሻል ለማንም መርቃ አታውቅም። ደንበኛ «መርቂልኝ እንጂ!» ሲላት ሚዛኑን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች።

በዓመቱ ሌላ ባንክ ሌላ ሞንታርቦ ይዞ መጣ። አስካለ የምትባል አዲስ ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች።

«እማማ፣ ዕቃዬን ይጠብቁልኝማ! ሁለት ሺህ ይሰጣሉ አሉ፤ ኧረ ሰው ሳይቀድመኝ!»

እማማ ዘርፌ ወደ ጎናቸው አዩ። የኔዓለም ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው በጣቶቿ እየዳሰሰች ትለያለች፤ ፊቷ ወደ ሞንታርቦው ድምፅ ዞሯል። አሮጊቷ የአስካለን የነጠላ ጫፍ ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡና፣ ይመኙሻል እንዳትሰማ ቀስ ብለው፣ «ሂጂም ቅሪም አልልሽም ልጄ፤ ብቻ ምርቃት ያየ ዓይን ሚዛን አያይም» አሏት።