የሥራ አስኪያጁ ደን

አንድ የወርቅ ኩባንያ ኮረብታውን ቦርቡሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ቦታውን መልሶ ደን ሳያለብስ መውጣት አይችልም ተባለ። ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ዘርጋው ግን ችግኝ አፍልቶ፣ ውኃ አጠጥቶ ማሳደግ የቦዘኔ ሥራ ነው። የአካባቢ ጥበቃ አማካሪው ዕፅዋቱን አይቶ ሊመሰክር በሚመጣበት ዋዜማ፣ ከማዶው ጫካ የዋንዛ ቅርንጫፍ እያስቆረጠ ባዶው አፈር ላይ ሲያስቸክል ዋለ።

በማግስቱ ከኮረብታው ሥር ንብ የምታረባውን ሴትዮ አስጠራ። ምላሷን ስለሚያውቀው አስቀድሞ አስጠነቀቃት።

«እንግዳው ፊት አረንጓዴ ነው፣ አምሯል በይ። አንዲት ክፉ ቃል ከአፍሽ ብትወጣ፣ ጥበቃ የሆነው ልጅሽ ነገ ከሥራ ይባረራል።»

ብትናገር የልጇ እንጀራ ሊቆረጥ ነው፤ ዝም ብትል ኩባንያው ወርቁን ይዞ ሊሄድ፣ ጉድጓዱ ለእሷና ለንቦቿ ሊቀር ነው።

አማካሪው መጣ። አቶ ዘርጋው ደረቱን ነፋ፤ «አንቺ» ያላትንም ሴት እንግዳ ፊት አንቱ አላት።

«እስቲ እማማ፣ የሚያዩትን ይንገሩን።»

«አረንጓዴ ነው። አምሯል» አለች።

አቶ ዘርጋው ፈገግ አለ። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ያዝ አድርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«አንዲት ነገር ብቻ ይንገሩኝ ጌታዬ። እኛ አገር ቅጠል ከነቅርንጫፉ ቆርጠን መሬት ላይ የምንቸክለው ዳስ ስንጥል ነው። ይኼ የሰርግ ነው የለቅሶ? እልል ልበል ወይስ ነጠላዬን ላዘቅዝቅ?»