የዓርብ ግምት

አንድ የኳስ ደጋፊ ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ፣ ከመምህራን ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችው፤ እሱ ያባዛል፣ ሚስቱ እልፍነሽ ትጠርዛለች። ልቡ ግን ከማሽኑ ጋር አልነበረም፤ ከኮሌጁ ቡድን ጋር ነበር። ቡድኑ ካሸነፈ የተማሪውን ሃንድአውት በነፃ ያባዛል፤ ከተሸነፈ ራት አይበላም። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረ። በሃያ ዓመት ውስጥ ዋንጫ ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት።

በከተማዋ ስድስት ኮሌጆች አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጋጠማሉ። አንድ ዓርብ ዘርጋው የተበላሸ ወረቀት አነሣና በጀርባው የነገ ጨዋታዎችን ግምት ጻፈበት፤ ለቀልድ ያህልም የቤቱ መስታወት ላይ ለጠፈው። «ጤና ኮሌጅ እርሻ ኮሌጅን ሁለት ለባዶ ያሸንፋል። የእርሻ ተከላካዮች ከብት ቢጠብቁ ይሻላቸዋል። የኛ ልጆች ከንግድ ኮሌጅ ጋር አንድ እኩል ይወጣሉ። የመሃል ሜዳችን እንደ ሰርግ ቤት ሆኗል፤ የመጣው ሁሉ ይገባል፣ ማን ጠራህ የሚል የለም።» ተማሪው አንብቦ ሳቀ። ቅዳሜ ግን ነገሩ ሁሉ ልክ ዘርጋው እንዳለው ሆነ።

በሁለተኛውም ሳምንት ልክ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት አንዷን ሳተ፤ እሷን ግን ማንም አላስታወሰበትም። በአራተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መስታወቱ ፊት ሰው መገፋፋት ጀመረ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ቆሞ ያነባል። «ነቢዩ» አሉት።

አስማት እንዳይመስላችሁ። ዘርጋው ትንሽ ጥቁር ደብተር ነበረችው፤ ጨዋታ ባየ ቁጥር ይጽፍባታል። የትኛው ተከላካይ ከእረፍት በኋላ እንደሚደክም፣ የትኛው አጥቂ ግራ እግሩን እንደማያምን፣ ፍጹም ቅጣት ምት ማን ወዴት እንደሚመታ፣ ሁሉም አለ። ሰውየው ልፋቱን ለፍቷል፤ የሚነቀፍበት ነገር አልነበረም። ክፋቱ «ነቢዩ» ሲሉት ልቡ ቅቤ መጠጣቱ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት የራሱ ቡድን አቻ ይወጣል ብሎ ገመተ። ልጆቹ በመጨረሻዋ ደቂቃ አገቡና አሸነፉ። ሜዳው በእልልታ ሲናጥ አንዱ ተማሪ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ጋሽ ዘርጋው፣ ዛሬስ ጉድ ሆኑ!» ብሎ ሳቀበት። ቀልድ ነበር። ዘርጋው ግን ያቺን ሳቅ ይዟት ቤቱ ገባ፤ ሳምንቱን ሙሉም ስታንገበግበው ሰነበተች። ቡድኑ አሸንፎ እሱ ራት ሳይበላ ሲያድር ያ የመጀመሪያው ነበር።

የዋንጫው ጨዋታ ደረሰ። መምህራን ኮሌጅ ከቴክኒክ ኮሌጅ። ዘርጋው ደብተሩን ገልጦ ደመረ፣ ቀነሰ፣ እንደገና ደመረ። ከዚያም ጻፈ፦ «ቴክኒክ ኮሌጅ ሁለት ለአንድ ያሸንፋል።»

እልፍነሽ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እየጠረዘች ነበር። ወረቀቱን አንሥታ አነበበችው።

«ምነው ሰውዬ፣ በገዛ ልጆችህ ላይ?»

«እውነቱን ነው የጻፍኩት። ቴክኒኮች ይበልጡናል።»

«እሺ ይብለጡ። ነገ ልጆቹ ቢያሸንፉ ግን ደስ ይልሃል?»

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ደስ ይለኛል እንጂ!»

«እስቲ ማልልኝ።»

ዘርጋው የማሽኑን ክዳን ከፍቶ መነካካት ጀመረ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ በናትሽ ተይኝ» አላት። ሳይምልላት ወጥቶ ወረቀቱን ለጠፈ።

በዚያ ዓርብ መስታወቱ ፊት የሳቀ አልነበረም። ተማሪው እያነበበ ይሄዳል። በመጨረሻ የኮሌጁ ቡድን በረኛ ናሁሰናይ መጣ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ከወር በኋላ ተመርቆ ወደ ተመደበበት ገጠር ሊያስተምር ይሄዳል። የነገው ጨዋታ የመጨረሻው ነው። አነበበና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ጋሼ፣ ሁለት ሊያገቡብኝ ነዋ?»

«ግምት ነው ልጄ። ግምት ምን አላት?»

«የእርስዎ እኮ ግምት አይደለም» አለና እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ዘርጋው በዚህ አባባል ማዘን ይገባው ነበር። እሱ ግን ኮራበት።

የከተማዋ ሜዳ መቀመጫ የለውም። ሰው በመስመሩ ዙሪያ በተወጠረ ገመድ ላይ ተደግፎ ያያል። ዘርጋው የሚቆመው ከመምህራን ኮሌጅ ጎል ጀርባ ነው፤ ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎን ሲቀያየሩ እሱም ዞሮ ይሄዳል። በሃያ ዓመት ውስጥ ከራሱ በረኛ ጀርባ ተለይቶ አያውቅም። በዚያ ቅዳሜም እዚያው ቆመ።

በሃያኛው ደቂቃ የቴክኒኩ ቁጥር ዘጠኝ አገባ። የመምህራን ደጋፊ «ወይኔ!» ብሎ ጮኸ፤ ዘርጋውም አብሮ ጮኸ። በሆዱ ግን አንዲት ድምፅ «አንድ» ብላ ቆጠረች።

ከእረፍት በኋላ የመምህራን ልጆች እንደ አዲስ ተነሡ። ከማዕዘን የተሻማች ኳስ በግንባር ተመታችና መረቡ ላይ አረፈች። ሰው ተቃቀፈ፣ ጫማው የወለቀበትም ነበር። ዘርጋውም ዘለለ። ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ግን «አንድ እኩል። አሁን አንዷ ቀረች» አለ በልቡ። የቀረችው አንዷ በማን ላይ እንደምትገባ ትዝ ሲለው ደነገጠ። ዙሪያውን ቃኘ፤ ሐሳቡን የሰማ ሰው ያለ መስሎት።

ከዚያ በኋላ ዘርጋው ኳሱን ማየት ተወ፤ የሚያየው ሰዓቱን ነበር። ሰባ ደቂቃ። ሰባ አምስት። ሰማንያ። የመምህራን ልጆች እየገፉ፣ ቴክኒኮች እያፈገፈጉ መጡ። በሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ የመምህራን አጥቂ ከሩቅ የላካት ኳስ የጎሉን አግዳሚ መትታ ወደ ላይ ወጣች። ሰው ሁሉ ራሱን ያዘ። ዘርጋው ግን የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀና «ተመስገን» አለ።

ጎኑ የቆመ ተማሪ ዞር ብሎ አየው። «ምን አሉ ጋሼ?»

«ምንም አላልኩም» አለ ዘርጋው። ይህ ሰው ሃያ ዓመት ለዚህ ቡድን የጾመ ሰው ነው። አሁን ኳሷ ብረት ስለመታች አምላኩን አመሰገነ። እግዚኦ በሉ!

ሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ቴክኒኮች በድንገት ኳስ ነጥቀው ሮጡ። ቁጥር ዘጠኝ ሁለት ሰው አልፎ ሣጥን ውስጥ ሲገባ የመምህራን ተከላካይ ጠለፈው። ፊሽካ ተነፋ። ፍጹም ቅጣት ምት!

ሜዳው ተተረማመሰ። የመምህራን ልጆች ዳኛውን ከበቡት፤ አንዱ ይለምናል፣ አንዱ ይጮኻል። ቁጥር ዘጠኝ ኳሷን አቅፎ ቆመ፤ የሚመታው እሱ ነው። በዚያ ግርግር መካከል ናሁሰናይ ጎሉን ጥሎ ወደ ገመዱ ሮጠ፤ በቀጥታ ወደ ዘርጋው መጣ።

«ጋሽ ዘርጋው! በየሳምንቱ ሲመታ አይተውታል። ወዴት ነው የሚመታው?»

ዘርጋው ያውቅ ነበር። ቁጥር ዘጠኝ በዚያ ዓመት አራት ፍጹም ቅጣት ምት መትቷል፤ አራቱንም ወደ በረኛው ቀኝ፣ መሬት ለመሬት። ደብተሩ ውስጥ አለ። ደብተሩም ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። ቀኝ። በቃ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉ፣ በእመብርሃን!»

ከኋላው የቆሙ ወጣቶች ደግሞ ይንሾካሾካሉ። «ሁለት ለአንድ! ነቢዩ እንዳለው ሊደርስ ነው!» ዘርጋው የልጁን ዓይን አየ። ከዚያ መስታወቱ ላይ የለጠፋት ወረቀት በዓይኑ መጣችበት። ልጁ ካዳናት ሰኞ ተማሪው ምን ሊል ነው? «ነቢዩ ሳተ» ሊል ነው። ያቺ የሰባተኛው ሳምንት ሳቅ ጆሮው ላይ ጮኸች።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለ። «አላስታውስም። ልብህ ያለህን አድርግ።»

ናሁሰናይ ራሱን ነቅንቆ ወደ ጎሉ ተመለሰ። ዳኛው ልጆቹን በትኖ ፊሽካውን ነፋ። ቁጥር ዘጠኝ ተንደረደረ። ናሁሰናይ ወደ ግራ ወደቀ፤ ኳሷ በቀኝ፣ መሬት ለመሬት ገባች።

ሁለት ለአንድ።

የዘርጋው ሆድ በደስታ ዘለለ። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ሰዎች ሮጠው መጥተው ትከሻቸው ላይ አወጡት። «ነቢዩ! ነቢዩ!» እያሉ ይዘውት ሜዳውን ዞሩ። ከፍ ብሎ ሲያይ የራሱ ልጆች ሣሩ ላይ ተዘርረዋል፤ ናሁሰናይ ጓንቱን ሳያወልቅ ፊቱን መሬት ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያኔ ዘርጋው የተሸከሙትን ሰዎች ማልያ አየ። የቴክኒክ ኮሌጅ ደጋፊዎች ነበሩ። «አውርዱኝ» አለ። ጩኸቱ ውስጥ ማን ይስማው?

ሰኞ ጠዋት ናሁሰናይ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጣ። ዘርጋው ሊቆጣው የመጣ መስሎት ወደ ማሽኑ ዞረ። ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ዐሥራ አራት ዓመት የጠበቁትን ዋንጫ እኔ አሳጣሁዎት።»

«ኧረ ተው ልጄ...»

«ደግሞ ስለ እርስዎ ከጓደኞቼ ጋር ተጣላሁ። ‹ያውቅ ነበር፤ ግምቱ እንዳይበላሽበት ነው የደበቀህ› ይሉኛል። እኔ ዳዴ ከምልበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ቡድን የሚደግፍ ሰው ነው፣ ቢያውቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር አልኳቸው።»

የእልፍነሽ መርፌ ቆመ። ዘርጋው በአዎንታ ራሱን ቢነቀንቅ ነገሩ እዚያው ያልቅለት ነበር። ልጁም አምኖት ይሄድ ነበር፤ ዕድሜ ልኩንም ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ያስብ ነበር። ዘርጋው ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ አንገቱ እሺ አላለውም። ቀስ ብሎ ደብተሩን ከደረት ኪሱ አወጣና ገጹን ገልጦ ሰጠው።

ናሁሰናይ አነበበ። ቆይቶ እንደገና አነበበ።

«አራት መትቷል» አለ። «አራቱም ወደ ቀኝ።»

«አዎ።»

«ቅዳሜ ስጠይቅዎት ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ጋሼ?»

ዘርጋው የሚያምር ምክንያት ፈለገ፤ አላገኘም። «ልክ መሆን ፈለግሁ» አለ በመጨረሻ።

ናሁሰናይ ደብተሩን ዘጋው። ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ መለሰለት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ልክ ነበሩ እኮ ጋሼ» አለና ወጣ።

ወገኖቼ፣ አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለዋል። ያሉት ቃል ለገባ ሰው ነው፤ ለማለ፣ አደራ ለተቀበለ። ለግምት አላሉትም! ዘርጋው ግን ለአንዲት የዓርብ ግምት ሲል የሚወደውን ልጅ አሳልፎ ሰጠ። እኛስ? «ይህ ትዳር አይዘልቅም» እንላለን። «ይህ ልጅ አያልፍም»፣ «ይህ ሥራ አይሳካለትም» እንላለን። አንዳንዴም የምንለው እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቁጭ ብለን መጠበቅ እንጀምራለን። ትዳሩ ሲናጋ ልናስታርቅ ስንችል እግራችን ይከብደናል፤ ልጁ ሲቸገር የምናውቀውን አንነግረውም። የፈራነው ሲደርስ ደግሞ «አላልኳችሁም ነበር?» ለማለት የሚቀድመን የለም። መገመት ኃጢአት አይደለም። በወደድነው ሰው ላይ የገመትነው ክፉ እንዲደርስ መመኘት ስንጀምር ግን ደጋፊነታችን አብቅቷል፤ ትከሻው ላይ የሚያወጣንም ባላጋራችን ነው።

እስቲ ልባችሁን ጠይቁ፦ ዛሬ ስለ አንድ የምትወዱት ሰው የገመታችሁት ክፉ ነገር አለ። ሰውየው ነገ ሮጦ መጥቶ «ወዴት ነው?» ቢላችሁ፣ ትነግሩታላችሁ?