ደረቁ ሪዮ

«አንድ ዓይን አፋር ምግብ አብሳይ ነበረ» አሉ የስፓንኛው መምህር። ማዕዶት የምትባል ተማሪያቸው «መምህር፣ ቋንቋውን በደንብ ሳላውቅ እንዴት በሰው ፊት አፌን ልክፈት?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ይህን አብሳይ የከርሰ ምድር ውሃ የሚፈልጉ የስፔን ሰዎች ቆላ አገር ቀጠሩት። ቋንቋቸውን አያውቅም፤ በሳቁ ቁጥር በእሱ የሚስቁ ይመስለዋል። አንድ ቀን መኪናቸው ወንዝ ሲሻገር አለቃቸው ወደ ውሃው ጠቁመው «ሪዮ» አሉት። ወንዝ ማለታቸው ነው። አብሳዩ ቃሏን ያዛት። ሽንኩርት ሲከትፍ «ሪዮ»፣ ወጥ ሲያማስል «ሪዮ» ይላል፤ ሰው ሲመጣ ግን ዝም። «በአንድ ቃል ብናገር መሳቂያ እሆናለሁ። ሌላም ልጨምርና ያኔ» ይላል ለራሱ።

እንግዶቹ አንድ ጠዋት ለጥ ያለ ነጭ አሸዋ አገኙና ደስ ብሏቸው ድንኳን ተከሉበት። አሸዋው ግን የወንዝ መንገድ ነበር። የቆላ ወንዝ እንዲህ ነው፤ ደርቆ ይከርምና ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። የአገሩ ሰው ፍየሉን እንኳ እዚያ አያሳርፍም።

ወደ ምሳ ሰዓት አብሳዩ ቀና ቢል የደጋው ተራራ በደመና ጠቁሯል። አስተርጓሚው ገበያ ሄዷል። በእጁ ያለችው አንዲት ቃል ናት።

«ሪዮ» አለ። ድምፁን እሱም አልሰማው።

«ሪዮ!»

ዞሩ። አንዱ ወጣት አሸዋውን ዘግኖ፣ በጣቶቹ መሃል እያፈሰሰ አሳየው። ሁሉም ሳቁ። ያ ሲፈራው የኖረው ሳቅ መጣ። አብሳዩ ግን አልሸሸም። ተራራውን ጠቆመ፤ ጣቱን ከተራራው እስከ ድንኳኑ ደጃፍ አወረደ፤ እግራቸው ሥር ያለውን አሸዋ በመዳፉ መታ። «ሪዮ! ሪዮ!» ከዚያ ምሳቸውን ከነድስቱ ብድግ አድርጎ ወደ ዳገቱ ሮጠ!

እየተራገሙ ተከተሉት። የራበው ሰው መቼም ድስቱን አይተውም። አናቱ ላይ ሲደርሱ ምድሪቱ አጉረመረመች፤ ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣና ድንኳኖቹን እንደ ገለባ ጠረጋቸው። ሰው ግን አንድም አልጎደለም። አሸዋ ያፈሰሰው ወጣት አብሳዩን ትከሻው ላይ አወጣው፤ «ሪዮ! ሪዮ!» እያሉ ጨፈሩ። ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው አብሳዩ ነበር።

መምህሩ ወደ ማዕዶት ዞሩ። «አብሳዩ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ቃልም እንደ ቆላ ወንዝ ናት። በሆድሽ ስትይዣት ደረቅ አሸዋ ናት፤ ለሰው ስታወጫት ነው የምትፈሰው። በይ፣ ያለችሽን አንዷን አምጪ።»

ማዕዶት ተነሳች።

«ሉና።»

«ጨረቃ በቀን?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ማዕዶት አልተቀመጠችም። እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። «ሉና!»

ሁሉም ዞረው አዩ። ከጣሪያዎቹ በላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የገረጣች ጨረቃ ቆማለች።