ሰው ያለበት ቤት

ወገኖቼ፣ አንድ ጎሚስታ ነበር። ደሴ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ጎማ እየጠገነ የሚያድር ሰው ነው። ከሚስቱ ከየሺመቤት ጋር በሰው ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ዘጠኝ ዓመት ኖረ።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅም አልወለዱም። ደግ ሴት ነበሩ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልነበሩም። እንግዳ ሲመጣ ይቆጥራሉ። ውሃ ሲደፋ ይቆጣሉ። ትንሽ ሳቅ ከበዛ ግድግዳውን ይደበድባሉ። ሰውየውም፣ "የራሴ ቤት ሲኖረኝ እተነፍሳለሁ" እያለ ይኖር ነበር። ስንቶቻችሁ ይህን ብላችኋል?

አንድ ቀን ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ለሕክምናው ቤታቸውን መሸጥ ግድ ሆነባቸው። መጀመሪያ የጠሩት ተከራያቸውን ነው። ዋጋው ደህና ነበር፤ ሰውየውም ሲቆጥብ ስለኖረ አያቅተውም። አሮጊቷ ግን አንድ ቃል ጨመሩ።

"ከምተኛባት ከኋላዋ ክፍል አልወጣም። ነፍሴ እዚያው ትውጣ።"

በዚያው ሰሞን ደላላ ሌላ ቤት አገኘለት። ከከተማው ወጣ ያለ፣ አዲስ፣ አጥሩ ረጅም፣ ዋጋውም ያው። ይህኛው ባዶ ስለሆነ ቁልፍ ተቀብሎ መግባት ብቻ ነው፣ ሰው ያለበት ቤት አይገዛም አለው። ጓደኞቹም፣ ጭቅጭቅ ከነቤቱ የሚገዛ ሞኝ የት አለ አሉት። እናንተስ ምን ትመክሩት ነበር? እውነቱን ተናገሩ።

ባልና ሚስት አብረው ሄደው አዩት። ክፍሎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ፀሐይ ይገባባቸዋል። የሰውየው ልብ እዚያው ቀረ።  የሺመቤት ግን ከባጃጅ ወርደው ዳገቱን ሲወጡ እንዲህ አለች።

"ቤቱ መልካም ነው። ግን እኛ ያንን ከገዛን፣ የእትዬ ዘርፌን ቤት የሚገዛው ሰው እሳቸውን የት ያደርጋቸዋል?"

ልብ በሉ፤ ይህን ያለችው በአሮጊቷ ቁጣ ስንት ቀን ያለቀሰች ሴት ናት።

ሰውየው ተናደደ። የሰው ሸክም እኔ ላይ ነው ወይ የሚጫነው አላት።  ሦስት ቀን ጎማ ሲፈታና ሲገጥም ጥያቄዋ ከእጁ አልወጣ አለ። በሦስተኛው ቀን ደላላው ወሬ ይዞለት መጣ። ሌላ ገዢ ለአሮጊቷ "ይቆዩ፣ ችግር የለም" ብሏቸዋል፤ ለደላላው ግን ውሉን ከፈረሙ በኋላ እንደሚያስወጣቸው ነግሮታል። ደላላው እየሳቀ ነበር ያወራለት። ሰውየው ግን መሳቅ አቃተው።

በማግስቱ ሥራውን ቀደም ብሎ ዘጋና ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዘንድ ገባ። ተኝተው ነበር። ቤቱን እንደሚገዛ፣ የኋላዋም ክፍል ዕድሜ ልካቸውን የእሳቸው እንደሆነች በውሉ እንደሚያስጽፍ ነገራቸው። አላመሰገኑትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ "ስትወጣ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው" አሉት።

ወራት አለፉ። ታክመው በምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ሰውየው በረንዳው ላይ ሳለ፣ የታጠበ ነጠላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ራቅ ብለው ቆሙ።

"ልጄ፣ ይህቺን እዚህ ገመድ ላይ ላስጣት?"

አርባ ዓመት የኖሩበት ግቢ ነው። ገመዱን ያሰሩት ራሳቸው ናቸው። ያችን ፈራ ተባ የምትል ድምፅ ግን ሰውየው አወቃት፤ ዘጠኝ ዓመት የራሱ ድምፅ ነበረች። "ያስጧት" ቢላቸው ኖሮ ክፉ ሰው አይባልም። ፈቃጅ መሆንም ደስ ይላል። እሱ ግን ወርዶ ነጠላዋን ተቀበላቸውና ራሱ አሰጣላቸው።

"እትዬ፣ ሁለተኛ ይህን እንዳይጠይቁኝ" አላቸው።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ኖሩ። አመላቸው ተለወጠ? አልተለወጠም። ሲሞቱ ግን ሐዘን የተቀመጠው እሱ ነው። የሺመቤትም የኋላዋን ክፍል ከፍታ ለመግባት ወራት ፈጀባት።

እናንተስ? መከራየት ይሻላል ወይስ መግዛት እያላችሁ የምታወጡ የምታወርዱ ከመካከላችሁ አላችሁ። አስቡበት፣ ማሰቡ ተገቢ ነው። እኔ ግዙ ወይም ተከራዩ አልላችሁም። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፤ እፎይ እንድትሉ ማን እንዲወጣላችሁ እየጠበቃችሁ ነው? ያረጀ አባት ነው? አመሏ የከበደ አማት ናት? ልጅ ስለወለደች ብቻ ቤት ልቀቂ ያላችኋት ተከራይ ናት?

ባዶ ቤት ፈልገን፣ ባዶ ቤት አግኝተን፣ ባዶው ውስጥ የተቀመጥን ስንት ነን?

ዛሬ ስትመለሱ፣ ደጃችሁ ላይ ፈርቶ የቆመ ሰው ካለ አታስለምኑት። የቤቱ ካርታ በስማችሁ ሊሆን ይችላል። እናንተንም ግን ያስገባችሁ አለ።