ቁርበት አንጥፊልኝ ያለው እንግዳ

ተረት ተረት። «የመሠረት» የሚል የለም? ግድ የለም፣ ስልካችሁን እስክታስቀምጡ እጠብቃለሁ።

ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳት ሁሉ በሚናገሩበት፣ ኔትወርክ ግን እንዳሁኑ በሚቆራረጥበት ዘመን፣ እመት ፍየል የምትባል እናት ነበረች። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ቦሪት የምትባል ልጅም ነበረቻት። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደውና ትምህርት ቤት መሄድ ቀረ። መምህር ጉሬዛ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ፈለገ፣ አገኘ፣ ትምህርቱን በኢንተርኔት ቀጠለ። እመት ፍየልም ለልጇ ስልክ ሰጠቻትና እንዲህ አለቻት፦

«ይኸ ለትምህርት ነው። ሌላ ነገር ሲደረግበት ካየሁ፣ በዚያ ደጅ ባለው ድንጋይ ነው የምለው።»

«እሺ እማዬ» አለች ቦሪት።

«ደግሞ ትልቅ ሲጠይቅሽ አንገትሽን ደፍተሽ መልሺ። አሳዳጊ የበደላት እንዳያሰኙሽ።»

«እሺ እማዬ።»

ጧት ጧት እመት ፍየል ቅጠል ልትቀነጥስ ወደ ቁጥቋጦው ትሄዳለች። ቦሪት በሩን ትቀረቅርና ትማራለች። መቀርቀሪያው የወይራ እንጨት ነው፤ ከውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ኩሩ ነው። «እኔ እያለሁ እዚህ ቤት ጅብ አይገባም» ይላል። እውነቱን ነው፤ በእሱ በኩል ገብቶ አያውቅም።

አያ ጅቦ ግን በር መታገል ሰልችቶት ነበር። እሱም ስልክ አወጣ። የበግ ፎቶ ለጠፈበት፣ ስሙን «ጋሽ ሙክት» አለ፣ የክፍሉ ግሩፕ ውስጥ ገባ። ማን አስገባህ ያለው የለም። ግሩፕ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ለቦሪት ለብቻዋ ጻፈላት።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። የመምህሩ ረዳት ነኝ። ጎበዝ ነሽ አሉ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

የማን ልጅ ነሽ ያለ ትልቅ ባዶውን አይሸኝም። ቦሪት አንገቷን ደፍታ የእናቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ ከየትኛው ጉብታ ጀርባ እንደሚኖሩም ጭምር ጻፈችለት።

«ተባረኪ» አለ ጋሽ ሙክት። «እናትሽ አሳድጋሻለች።»

መቀርቀሪያው ስልኩ ሲጮኽ ሰማ። «ማነው?» አለ።

«እኔ እንጃ» አለ ስልኩ። «እኔ አድራሽ ነኝ።»

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ሙክት፣ «ስታጠኚ እስቲ ፎቶ ላኪልኝ፤ ትጉ ተማሪዎችን ለመምህሩ አሳያለሁ» አለ። ቦሪት ፎቶ ተነሣች። ከፊቷ ደብተር፣ ከኋላዋ በሩ፣ በሩ ላይ መቀርቀሪያው። መቀርቀሪያው ፎቶ መነሣቱን ሲያይ ቀጥ አለ። አያ ጅቦ ፎቶውን በጥፍሩ እያሰፋ አጠናና፣ ይኸ በር ካልከፈቱልኝ አይከፈትም ብሎ ወሰነ።

«ማነው?» አለ መቀርቀሪያው፣ ለአመል ያህል።

«አድራሽ ነኝ አልኩህ» አለ ስልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሙክት፣ «እናትሽ መቼ ነው የምትወጣው?» አለ።

«ጧት ወጥታ ከሰዓት ትመለሳለች፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ነገ ረፋድ ላይ መጥቼ ሒሳቡን ቁጭ ብለን እናየዋለን። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ። ብትነግሪ ስልኩን ትሰብረዋለች፣ አንቺም ከትምህርትሽ ትቀሪያለሽ።»

ቦሪትን ነገሩ ደስ አላላትም። ግን ድንጋዩ ትዝ አላት፤ ደግሞም ትልቅ ናቸው። «እሺ ጋሼ» አለች።

«ደግሞ» አለ ጋሽ ሙክት፣ «ወገቤን ያመኛል። ቁርበት አንጥፊልኝ።»

«ማነው?» አለ መቀርቀሪያው። ስልኩ መልስ መስጠቱንም ተወው።

ቤቱ ውስጥ ቁርበት የለም። የፍየል ቤት ነው። ቢሆንም እንግዳ መሬት ላይ አይቀመጥም። ከሰዓት እናቷ ስትመለስ ቦሪት ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ ቁርበት አለን?»

እመት ፍየል እያመነዠከች ነበር። ማመንዠኳን አቆመች።

«የማን?»

«የማንም።»

«ቁርበት የማንም አይሆንም፣ ልጄ። ወይ የአክስቴ ነው፣ ወይ የወንድሜ ነው። ለማን ፈለግሽው?»

ቦሪት ስልኩን አየች። ደጅ ያለውን ድንጋይ አየች። «እማዬ አትስበሪው» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት።

እመት ፍየል ድንጋዩን አነሣች። አልዋሽም፣ አነሣችው። ቦሪት ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ የተጨፈነውን ዓይን አየችና ድንጋዩን መልሳ አስቀመጠችው።

«ይኸን ፈርተሽ ነው ጅብ ልታስገቢ የነበረው?»

«አዎ» አለች ቦሪት።

እመት ፍየል ቁጭ አለች። «እንግዲያው ድንጋዩም የጅቡ ወገን ነው» አለችና ወደ ገደሉ አንከባለለችው። ድንጋዩ አልተከራከረም። ከዚያ ልጇን እቅፍ አድርጋ ብዙ ቆየች፤ ቀጥላ ወደ ጎረቤቷ ወደ አያ በሬ ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያ ጅቦ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ቤቶች» አለ።

«ማነው?» አለ መቀርቀሪያው። ይኸን ጥያቄ ለሚገባው አካል ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር።

«ጋሽ ሙክት ነኝ።»

«እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አለች እመት ፍየል ከውስጥ።

አያ ጅቦ ጠይቆ እንጂ ተጠይቆ አያውቅም።

«የበግ» አለ በመጨረሻ።

«የየትኛው በግ?»

«የሞተው።»

«መሞቱን እንኳ አልጠራጠርም» አለች እመት ፍየል። «ይግቡ፣ ቁርበቱ ተነጥፏል።»

በሩ ተከፈተ። ወለሉ ላይ ሰፊ ዳማ ቁርበት ተነጥፏል። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ፣ ገባ፣ ጠጋ አለ። ቁርበቱ ቀንድ ነበረው።

«ቁርበቱ ይኸውልህ» አለ አያ በሬ እየተነሣ። «ባለቤቱ ግን ገና ከውስጡ አልወጣሁም።»

አያ ጅቦ ወገቤን ያመኛል ማለቱ እስከዚያች ቀን ድረስ ውሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እውነት ነው። ጅብ እስከ ዛሬ ኋላው ዝቅ ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው።

መምህር ጉሬዛም ግሩፑ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ ቢጠራ፣ ከተማሪው ይልቅ ሙክቱ በዛበት፤ ሁሉንም አስወጣ። ስልኩ አልተሰበረም። ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ምሰሶው ሥር ተቀመጠ።

«አድራሽ ነኝ ስትል ነበር» አለችው እመት ፍየል። «ታዲያ ለእኔ ምነው አላደረስክ?»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ ስልኩ። «ስለ ድንጋይ ብቻ ነው ያወራሽው።»

ከዚያ ወዲህ እመት ፍየል ስትገባ፣ «ዛሬ ማን ጻፈልሽ?» ትላለች። ቦሪትም ትነግራታለች። የማን ልጅ ነሽ ለሚላት እንግዳ ደግሞ አንገቷን ደፍታ፣ በትሕትና፣ «እርስዎስ የማን ልጅ ነዎት?» ትላለች።

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል እንስቃለን። ኢንተርኔት ማንም ማንንም የማያውቅበት አገር ነው፤ አንጥፉ የሚባሉትም ልጆቻችን ናቸው። እንግዲህ ልጅ መጥቶ ቁርበት አለን ወይ ሲላችሁ ድንጋይ አታንሡ። ለማን እንደሆነ ጠይቁ።

ተረቴን መልሱ። ዳቦው ይቅር፤ ቻርጀሬን የወሰደ ግን አብሮ ይመልስ።