በሬው ላይ የቀረው ጆሮ

አንድ ጊዜ፣ ይኸውላችሁ፣ የቀበሮ የፊት እግሮች ከመስኮቱ ውጭ፣ የኋላዎቹ ክፍል ውስጥ ሆነው ሳሉ ቲቸር አህያ የስም መጥሪያቸውን አነሡ።

ትምህርት ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ ያለ፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ የሣር ቤት ነው። ቲቸር አህያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት ሲያመላልሱ ኖረው፣ ሲያረጁ የአውሬ ልጆችን ሊያስተምሩ የገቡ ናቸው። ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ያስደምራሉ፣ ያስቀንሳሉ። ከመበተን በፊት ግን ሁልጊዜ አንዲት ማስታወሻ አለቻቸው። «ልጆች፣ ውኃ ከመጠጣታችሁ በፊት ዳር ዳሩን እዩ። ጉድጓድ ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን እዩ። ወደ ቤት በታችኛው መንገድ ሂዱ፣ ሰላም ነው።» ትናንት ይኸው፣ ከትናንት ወዲያም ይኸው።

ቀበሮ ይህን በሰማ ቁጥር መዳፉን ይበላዋል። ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተይዟል፤ ሦስተኛው «ወላጅ አምጣ» ነው። እናቱ ደግሞ መጀመሪያ ትነክሳለች፣ ከዚያ ነው የምትጠይቀው። ስም የሚጠራው ሊበተኑ ሲሉ ስለሆነ፣ ጠዋት አቤት ብሎ መሹለክም አልተቻለም።

ስለዚህ ጅብን ያዘ። ጅብ አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የደገመ፣ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ ነው።

«አያ ጅቦ፣» አለው ቀበሮ መስኮቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ስሜ ሲጠራ አቤት በልልኝ።»

«የኔ ስም ሲጠራስ?»

«ያኔም አቤት በል።»

«ሁለት ጊዜ?» ጅብ ፈራ። «አይበዛም?»

«አይበዛም! ማስታወሻውንም ስማልኝ፤ ያው የዘወትሩ ነው፣ ድንገት አዲስ ነገር ካለ ብዬ ነው። መንታው መንገድ ላይ እንገናኝ። አጥንት አለህ።»

አጥንት ሲባል ጅብ ዓይኑ ተከፈተ።

ቀበሮ ዘሎ ወረደና ከግድግዳው ሥር ተለጠፈ።

«ቀበሮ!» አሉ ቲቸር፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ።

«አቤት!» አለ ጅብ ድምፁን አቅጥኖ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ጸጥታ!» አሉ ቲቸር፤ ስሙ አጠገብ የ«አለ» ምልክቷንም አደረጉ። ቀበሮ የፈለገው ይህቺን ነበር። «እንግዲህ ልጆች፣ የዛሬዋ ማስታወሻ…» ሲሉ እሱ ዳገቱን ተያይዞታል።

ዳገቱ ላይ ፍልፈል ሞልቷል። ቀበሮ ግን አንዱን ጉድጓድ ምሶ ሳይጨርስ ሌላው ላይ ይዘላል፤ እዚያ አፈር ሲንቀሳቀስ ያይና እዚህኛውን ይተዋል። እንዲህ ሲዘል ሲዘል አንድም ፍልፈል ሳይዝ፣ አፍንጫው አፈር ብቻ ሆኖ፣ ሆዱ እየጮኸ ወደ መንታው መንገድ ወረደ። ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ ይጠብቀዋል።

«አጥንቴስ?»

«ቆይ እሱ ይደርሳል። ማስታወሻው ምን ነበር?»

«በሬ።»

«የምን በሬ?»

«በታችኛው መንገድ፣ ከሾላው ሥር፣ በሬ ተጥሏል። የሰባ ነው።»

«ሌላስ ምን አሉ?»

ጅብ ራሱን አከከ። «ሌላማ ብዙ ተናገሩ። ጣታቸውን… ምን፣ ኮቴያቸውን እየቀሰሩ ሁለቴ ደገሙት። እኔ ግን በሬው ላይ ቀረሁ።»

«ማን ጣለው አሉ?»

«የጣለው ምን ያደርግልኛል? እሱ አይበላ!»

ይህን ሲሰማ ቀበሮ ቆም ማለት ነበረበት። ግን ሆዱ ይጮኻል፣ እግሩ ደግሞ ከጭንቅላቱ ቀድሞ መንገድ ጀምሯል። ይልቅ ሌላ ነገር አሰበ፤ ከጅብ ጋር በሬ መካፈል ማለት ቀንድ መላስ ማለት ነው።

«አያ ጅቦ፣ አንተ በላይ በኩል ዙር፤ ሰው እንዳያይህ። እኔ በቀጥታ ሄጄ እጠብቅልሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ፣ አንተ ልጅ» አለ ጅብ።

ቀበሮ በረረ። በሬው እውነትም ከሾላው ሥር ተጋድሟል፤ ጎኑ ብቻ ትንሽ ተነክቷል። ገና አፉን ሲከፍት ጅራቱ ላይ ከባድ ነገር አረፈበት። ዘወር ቢል አንበሳ ነው፤ በአንድ መዳፉ ጅራቱን ረግጦ ያዛጋል።

«ተማሪ ነህ አይደል?»

«አዎ ጌታዬ።»

«አስተማሪህ አህያዋ ጠዋት ስታልፍ ከማዶ አይታኛለች። ደንግጣ ዞራ ሄደች። ለእናንተ አልነገረችም?»

ማስታወሻው ያን ጊዜ ሙሉውን ገባው። ምላሱ ግን አልከዳውም።

«ነግረውናል እንጂ ጌታዬ! እኔንም የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ‹ጅብ ሊሰርቃቸው ይመጣል፣ ሮጠህ ንገራቸው› ብለው።»

«አንተ ውሸታም፣ የምን ጅብ ነው—»

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና ጅብ ብቅ አለ። ዓይኑ በሬውን እንጂ አንበሳውን አላየም። «ጠበቅክልኝ ወይ?» አለ ደስ ብሎት።

አንበሳ አገሳና ተወረወረ። ቀበሮም በዚያችው ቅጽበት ባለ በሌለ ኃይሉ ራሱን ሳበ፤ እሱ ሲወጣ የጅራቱ ግማሽ እዚያው ቀረ። ጅብ ዳሌው ላይ በጥፊ ተመትቶ ገደሉን ተንከባለለና እያነከሰ ሸሸ።

በማግስቱ ቀበሮ ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር። መቀመጥ ድሮም አይወድ፣ አሁን ደግሞ አይችልም።

«ቲቸር፣ ጥፋቱ የጅብ ነው» አለ።

«በሬው አልነበረም?» ብሎ ጅብ ከኋላ ጮኸ። «ነበረ! ታዲያ ምን ዋሸሁህ?»

«እሺ፣ እርስዎም ቢሆኑ አጥፍተዋል ቲቸር። በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር! ይኸው ሁለት ወር ሰላም ነው፣ ሰላም ነው ሲሉ ከርመው፣ እኔ በሌለሁባት ቀን ይለውጡታል?»

ቲቸር አህያ ጆሯቸውን ጣል አድርገው የተቆረጠውን ጅራት አዩት። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ እኔም ያንኑ መንገድ በየቀኑ ነው የምሄደው፤ አንበሳው ግን በየቀኑ አይተኛበትም። የሚተኛበትን ቀን አስቀድመህ ካወቅህ፣ የቀሩትን ቀናት አትምጣ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ምክርን በራስ ጆሮ መስማት እንደሚገባ፣ ሆዱ የሚያዳምጥለትን ወኪል ማድረግ ግን ጅራት እንደሚያስቆርጥ ነው።